እናቴ ኪኒኗን እንዳትረሳ የምልክላት መልእክት ምን ቢል ይሻላል?

የመንዙ ልጅ
ጥቅምት 4፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ግን ከመሀል ሜዳ ወጣ ባለች የገጠር ቀበሌ ከእኅቴ ልጅ ጋር ትኖራለች። ልቧ ደክሟል፣ ደም ግፊትም አለባት ተብሎ ሦስት ዓይነት ኪኒን ታዞላታል፤ ሁለቱ የጠዋት፣ አንዱ የማታ።

ለመስቀል ቤት ስገባ እግሯ አብጦ አገኘሁት። በጣት ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል። ሌሊት ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ትራስ ደራርባ ተቀምጣ ነው የምታድረው። ኪኒንሽን ትወስጃለሽ ወይ ስላት «እንዴታ! እወስዳለሁ እንጂ» አለችኝ። እሷ ቡና ስታፈላ መድኃኒቷን የምታስቀምጥበትን ላስቲክ ገልብጬ ቆጠርሁ። ስድስት ፍሬ መቅረት ሲገባው ከአንዱ ዓይነት ሃያ ሦስት ፍሬ ተርፏል። ሌሎቹ ግን ብዙም ጉድለት የላቸውም። ዋሽታኛለች ለማለት አፌ አይደፍርም። ሳስበው ግን ሆዴ ይረበሻል።

ከተመለስሁ በኋላ በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ «የጠዋት ኪኒንሽን እንዳትረሺ» የሚል የጽሑፍ መልእክት እልካለሁ። እናቴ ማንበብ አትችልም። የሚያነብላት የእኅቴ ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ጠዋት ትምህርት ቤት ይሄዳል። የጠዋቱ መልእክት የሚነበበው ማታ ነው ማለት ነው፤ ይህን የተረዳሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

በጽሑፍ መልእክት ሕመምተኛ ያስታወሰ ወይም እሱ ራሱ መልእክት የሚደርሰው ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ምን ብዬ ልጻፍ? በስንት ሰዓት? በየቀኑ ነው ወይስ አልፎ አልፎ?


የቆላው ፋርማሲስት
ጥቅምት 4፣ ማታ 3፡55

ወንድሜ፣ ቆጥረህ ማየትህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ሸዋ ሮቢት መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። «ጨርሻለሁ፣ ድገምልኝ» ሲሉኝ ያለፈውን ማሸጊያ ይዘው እንዲመጡ የምጠይቀው ለዚሁ ነው።

የጠየቅኸው ነገር በደንብ ተጠንቷል። በለንደን የደም ግፊት ወይም የኮሌስትሮል መድኃኒት በሚወስዱ 303 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ግማሾቹ ለስድስት ወር መልእክት ተላከላቸው፤ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት በየቀኑ፣ ቀጥሎ ሁለት ሳምንት አንድ ቀን እየዘለለ፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ። መልእክት ካልተላከላቸው ውስጥ 25 በመቶዎቹ ከታዘዘላቸው ከ80 በመቶ በታች ነበር የወሰዱት። ከተላከላቸው ውስጥ እንዲህ የሆኑት 9 በመቶ ብቻ ናቸው።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን የመልእክቱ አኳኋን ነው። የሚላከው ጥያቄ ነው፦ ወሰድህ? ረስተህ መልእክቱ አስታወሰህ? ወይስ አልወሰድህም? አልወሰድሁም ላለ ሰው ስልክ ይደወልለትና ምክንያቱ ይጠየቃል። በዚህ መንገድ ከመቶ አሥራ ሦስቱ መድኃኒቱ ይጎዳኛል ወይም አይጠቅመኝም ብለው ሰግተው ካቆሙ በኋላ እንደገና ጀምረዋል። እነዚህ ሰዎች የረሱ አልነበሩም።

የእናትህንም ልብ ብለህ እይ። የሚረሳ ሰው ሦስቱንም ነው የሚረሳው። የተረፈው አንዱ ዓይነት ብቻ ከሆነ አውቀው የተዉት ይመስለኛል። የቀረው ኪኒን ስሙ ማን ይባላል?


የመንዙ ልጅ
ጥቅምት 4፣ ማታ 4፡10

ላሲክስ ነው፤ ሽንት የሚያሸናው። ይህ በጭራሽ አልታየኝም ነበር። አመሰግናለሁ።


ጣርማበር
ጥቅምት 5፣ ጠዋት 1፡30

ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ እኔ ግን በመልእክት እምነት የለኝም። አባቴ የደም ግፊት መድኃኒት ታዞለት ስድስት ወር ሙሉ መልእክት ላክሁለት። ማንበብ ይችላል፤ ያነባልም። «እሺ ልጄ» ብሎም ይመልሳል። ኪኒኑን ግን አይነካውም ነበር። ሲወስድ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ጉድ ያስለዋል። የጣርማ በር ብርድና ጉም ነው ብለን ነበር፤ ለካስ ከኪኒኑ ኖሯል። ኢናላፕሪል ነበር የሚወስደው። በኋላ ሐኪሙ ሰማውና ቀየረለት፤ ሳሉም ቆመ።

ስድስት ወር ሙሉ «አትርሳ» ስለው አንድ ቀን እንኳ «ምን ሆነህ ነው?» አላልሁትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።


የቆላው ፋርማሲስት
ጥቅምት 5፣ ጠዋት 2፡20

ጣርማበር፣ የተናገርኸው እውነት ነው፤ ጥናትም ይደግፍሃል። በአውስትራሊያ የልብ ድካም ያዛቸው ተብሎ ሳይሆን የልብ ደም ሥር ተዘግቶባቸው ሆስፒታል ገብተው በወጡ 1,424 ሰዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት፣ ለአንድ ዓመት የተላከው መልእክት በመድኃኒት አወሳሰድ ላይ ግልጽ ልዩነት እንዳላመጣ ያሳያል። በዚያው አገር ከዚያ በፊት በ710 የልብ ሕሙማን ላይ የተደረገውና በ2015 የታተመው ደግሞ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መጠን እንደቀነሰ፣ ሲጋራ የሚያጨሱትም ቁጥር እንዳነሰ አሳይቷል። ስለዚህ መልእክት በራሱ ፈዋሽ ነው ብዬ ለማንም አልምልም።

ኢናላፕሪልና የዚያ ወገን መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣሉ። ሳል ከመጣ መድኃኒቱን በራስ ሥልጣን መጣል ሳይሆን ለሐኪም መንገር ነው፤ የሚተካው ሌላ አለ። አቴኖሎልና መሰል የደም ግፊት መድኃኒቶችን ደግሞ በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ አለው።


ጡረተኛው መምህር
ጥቅምት 5፣ ቀን 6፡15

ልጄ፣ ከእነዋሪ ነው የምጽፍልህ። እኔ ራሴ ሕመምተኛ ነኝ፤ አራት ዓመት ሆነኝ። ልጄ ከውጭ አገር በየቀኑ «አባዬ ኪኒን» እያለች ትጽፍልኝ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ደስ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ስልኬ ሲጮህ ማየት ተውሁ፤ ሎተሪ ደርሶዎታል ከሚለው መልእክት ጋር ተቀላቀለብኝ። እንዳላስቀይማት ዝም አልሁ። ኋላ ግን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብቻ «ሳምንቱ እንዴት አለፈ?» ብላ እንድትጽፍ ነገርኋት። አሁን እሑድን እጠብቃለሁ፤ የጎደለብኝንም እነግራታለሁ።

ከእናትህ ጋር ስትነጋገር ቁጣ አይግባበት። እኛ ሽማግሌዎች የምንዋሸው ልጆቻችን እንዳይጨነቁብን ነው።


የቆላው ፋርማሲስት
ጥቅምት 5፣ ቀን 7፡00

መምህር፣ እርስዎ ያሉትን በኬንያም አይተውታል። ሕመሙ የልብ ሳይሆን ኤች አይ ቪ ነው፤ ነገር ግን የዕድሜ ልክ ኪኒን ስለሆነ ለእኛም ይጠቅማል። በአንዱ ጥናት በሳምንት አንድ ጊዜ መልእክት ከተላከላቸው 53 በመቶው መድኃኒታቸውን በአግባቡ ወሰዱ፤ ካልተላከላቸው ግን 40 በመቶው ብቻ። በየቀኑ የተላከላቸው ካልተላከላቸው የተሻለ ውጤት አላሳዩም። በሌላው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመውና 538 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ደግሞ በየሳምንቱ የሚላከው «ማምቦ?» የምትል አንዲት የስዋሂሊ ቃል ነበረች፤ እንዴት ነህ እንደ ማለት ናት። ሰውየው በ48 ሰዓት ውስጥ «ሳዋ» ካለ ደህና ነው፤ «ሺዳ» ካለ ችግር አለ። ችግር ላለውም ዝም ላለውም ነርሷ ትደውላለች። ስለ ኪኒን አንዲት ቃል የለችበትም።


አራተኛው ሐሙስ
ጥቅምት 6፣ ማታ 1፡05

እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ልጅ ሳለሁ ጉሮሮዬን እየታመምሁ በልቤ ቫልቭ ላይ ጉዳት ደርሷል። ሕመሙ እንዳይመለስብኝ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን እወጋለሁ። ለኪኒን የምትጨነቁትን እረዳለሁ፤ መርፌም ይረሳል፤ ይባስ ብሎ ሳይረሳም ይዛነፋል። የእኔን ስሕተት ልንገራችሁ።

ቀኑን እንዳልረሳ ብዬ በወር በወሩ በሚካኤል፣ በ12 ቀን አደረግሁት። ቅድስት ሆኜ ሳይሆን ቀኑ ከአእምሮዬ ስለማይጠፋ ነው። አራት ሳምንት ግን 28 ቀን ነው፤ ከሚካኤል እስከ ሚካኤል 30 ቀን ነው። ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ደግሞ ጳጉሜን ስለምትገባ 35 ቀን ይሆናል። በዚያ ክረምት መጨረሻ ላይ ጉሮሮዬና መገጣጠሚያዬ እንደገና ታመመ። መዝገቤን ያየችው ነርስ ናት «በወር አትቁጠሪ፣ በሳምንት ቁጠሪ» ያለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየአራተኛው ሐሙስ ነው።

ሌላው ጉዳይ ምሥጢር ነው። መልእክት ይላክልኝ ብዬ ስሰጥ የቤቱን ስልክ ቁጥር ነበር የሰጠሁት። «ነገ የልብ መርፌሽ ቀን ነው» ተብሎ መጣ። ያነበበው እንግዳ ነው። በሳምንቱ ሠፈሩ ሁሉ «ልጅቷ የልብ በሽተኛ ናት፣ ልጅ አትወልድም» ሲል ሰማሁ። ስለዚህ ለእናትህም ሆነ ለማንም ስትጽፍ የበሽታውንም የመድኃኒቱንም ስም አታንሣ። «ነገ ሐሙስ ነው» ቢለኝ ለእኔ ይበቃኝ ነበር።


ፊደል ቆጣሪ
ጥቅምት 6፣ ማታ 3፡30

እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ፤ ስለ ሕክምናው አላውቅም። ስለ መልእክቱ ግን ጥቂት ልጨምር።

በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ከጻፍህ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ተቆርጦ በሁለት ይከፈላል፣ ሒሳቡም በሁለት ይታሰባል። በአንዳንድ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ደግሞ የግዕዙ ፊደል በባዶ አራት ማዕዘን ሳጥን ተተክቶ ይታያል። ስለዚህ አስቀድመህ በእናትህ ስልክ ላይ ሞክረው። «እማዬ፣ የጠዋቱን ኪኒን ወስደሻል? 1 ወስጃለሁ፣ 2 አልወሰድሁም» ብትል ወደ 40 ፊደል ነው፤ ይበቃል።

ትልቁ ጣጣ ሰዓትና ቀን ነው። አክስቴ በአንድ የጤና ተቋም ቀጠሮ ነበራት። በመስከረም መጀመሪያ «ቀጠሮዎ 10/10 ነው» የሚል መልእክት መጣላት። ላኪው ማለቱ በፈረንጆቹ ነው፤ በእኛ መስከረም 30 ገደማ። እሷ የተረዳችው አሥረኛው ወር፣ ሰኔ 10 ብላ ነው። «ሐኪሙ ድነሻል ብሎ ነው ያራዘመልኝ» እያለች ስትደሰት ነበር። መድኃኒቱ ሲያልቅባትም ሰኔን ለመጠበቅ ወሰነች። እኅቷ ስልኳን ባታይ ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ 8፡00 ብለህ ከጻፍህ እናትህ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ትለዋለች። የወሩን ስም በፊደል ጻፍ፤ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብለህ ጻፍ።


ኬላዋ
ጥቅምት 7፣ ጠዋት 12፡50

በሰሜን ሸዋ በአንድ ገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ሁላችሁም የጻፋችሁትን ሌሊት አነበብሁት።

ማንበብ ለማይችሉ እናቶች እኛ ጋ የሚሠራው ሚስኮል ነው። ልጅ ከከተማ ጠዋት ይደውልና ይዘጋል፤ ኪኒኑን ውሰጂ ማለት ነው። እናት ስትወስድ መልሳ ሚስኮል ታደርጋለች። ሳንቲም አይወጣም፣ ማንም አያነበውም፣ ፊደል አይጠይቅም። ሚስኮል ካልመጣ ልጁ ማታ ደውሎ ያናግራታል። ኔትወርክ የሚይዘው ጉብታው ላይ ብቻ በሆነበት ሠፈር ግን ይህ አይሠራም፤ እዚያ የጎረቤት ልጅ ትሻላለች።

ያላነሣችሁት ነገር ደግሞ መድኃኒቱ አለመኖሩ ነው። በጤና መድን ደብተር ሄደው «ይህኛው የለም፣ ከውጭ ግዙ» ተብለው ይመለሳሉ። ከውጭ ለመግዛት ደግሞ ገንዘብ የለም። እንዲህ ላለች እናት «ኪኒንሽን አትርሺ» ብሎ መላክ ቁስሏን መንካት ነው። አንዲት እናት እንዳይጨርሱት ብለው አንድ ቀን እየዘለሉ ሲወስዱ ደርሼባቸዋለሁ። ያልነገሩኝ ልጃቸውን ገንዘብ መጠየቅ ስላፈሩ ነው።

አንተ ግን እናትህን አንድ ነገር ጠይቃቸው፦ «የማትወስጂው በየትኛው ቀን ነው?» ለምን አትወስጂም አትበላቸው። ለምን ከተባሉ ያፍራሉ። በየትኛው ቀን ከተባሉ ግን ያወሩልሃል።


የመንዙ ልጅ
ጥቅምት 7፣ ጠዋት 2፡05

ዛሬ ማታ እደውላለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።


የመንዙ ልጅ
ኅዳር 3፣ ማታ 2፡20

ወደ አራት ሳምንት ሆነኝ። ዝም ያልሁት አይቼ ልመለስ ብዬ ነው።

በዚያ ማታ ደወልሁና ኬላዋ እንዳለችው «እማዬ፣ የሽንቱን ኪኒን የማትወስጂው በየትኛው ቀን ነው?» አልኋት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «በገበያ ቀን» አለች። «ሌላስ?» አልሁ። «ለቅሶ ስሄድ። ማኅበር ሲኖር። ቤተ ክርስቲያን ስስም።» እየቆጠረች ሄደች፤ ስትጨርስ ከሳምንቱ የቀረው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው።

ላሲክስን ጠዋት ስትወስድ እስከ ቀትር ድረስ ሽንት ያጣድፋታል። ገበያው ሜዳ ነው፤ ዞር የሚባልበት ዛፍ የለም። መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል። አንድ ጊዜ በማኅበር ላይ ጠበል ጸዲቁ ሳይነሣ ሦስት ጊዜ ወጥታ ሴቶቹ ተጠቃቀሱባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰው ጋር በምትውልበት ቀን ልትወስደው አልፈለገችም። ይህን ለወንድ ልጇ እንዴት ብላ ትንገር? እኔ ደግሞ በየጠዋቱ እንዳትረሺ እያልሁ እልክባት ነበር። አንድም ቀን ረስታ አታውቅም።

በማግስቱ የቆላው ፋርማሲስት በውስጥ መስመር እንደ መከረኝ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድሁ። ሐኪሙ ሳይቆጣ አዳመጣት። ከሰው ጋር በምትውልበት ቀን ወደ ቤት ስትመለስ፣ ከቀትር በኋላ እንድትወስደው፣ ግን እንዳይመሽባት፣ እንቅልፍ ይነሣታልና፣ በምንም ምክንያት ደግሞ ያለፈውን ለማካካስ ሁለት አንድ ላይ እንዳትውጥ ነገራት። ይህ ለእሷ የተሰጠ ምክር ነው፤ እናንተም የራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ።

አሁን የምናደርገው ይህ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሚስኮል አደርጋለሁ፤ ስትወስድ ትመልሳለች። በገበያ ቀን ጠዋት አልደውልም፤ 8 ሰዓት ላይ ነው የማደርገው። እሑድ ማታ የእኅቴ ልጅ ባለበት «ሳምንቱ እንዴት ነበር?» ብዬ እጽፋለሁ። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፍልኛል። ባለፈው እሑድ «እግሬ ጫማዬ ውስጥ ገብቶልኛል በለው» ብላ አጽፋዋለች።

በነዚህ ሳምንታት አምስት ቀን ሚስኮል አልመጣም። ሁለቱ ቀን ኔትወርክ አልነበረም። አንዱ ቀን ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነው። ሁለቱን ቀን ግን አልወሰደችም፤ አዝማድ ሞቶ ለቅሶ ላይ ውላ አድራለች። ማታ ስደውል ራሷ ነገረችኝ።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ አለ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አትቀምስም። አትጹሚ ብላት አትሰማኝም፤ ልላትም አልፈልግም። የጠዋቶቹን ኪኒኖች ምን እናድርግ?


የቆላው ፋርማሲስት
ኅዳር 3፣ ማታ 3፡10

እግራቸው መቅለሉን ስሰማ ደስ አለኝ። ትንፋሽ እንደገና ቢያጥራቸው ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ ክብደታቸው ቢጨምር ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ።

የጾሙን ነገር እኔ ከዚህ ሆኜ ሰዓት ብቀይር ስሕተት ነው። በቀን አንዴ የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች ወደ ማታ ሊዛወሩ ይችላሉ፤ ላሲክስ ግን ማታ አይመችም። ኅዳር 15 ሳይደርስ ሦስቱንም ማሸጊያ ይዘህ ለሐኪማቸው አሳይ፤ የሚጾሙበትን ሰዓትም ሳትሸሽግ ንገረው። የንስሐ አባታቸውንም አማክሩ፤ ለታመመ ሰው መድኃኒት መውሰድ ጾም እንደማያስፈርስ ብዙ ካህናት ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ። እናትህ ከአንተ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ። አቡነ ጳውሎስም በጊዜያቸው ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው አስተምረው ነበር፤ ብዙ ሰው ያን ጊዜ ነው ልቡ ያረፈው።


ጡረተኛው መምህር
ኅዳር 4፣ ጠዋት 1፡15

እኔ በጾም ወራት የጠዋቱን ኪኒን በጥቂት ውሃ እወስዳለሁ። የንስሐ አባቴ ናቸው የፈቀዱልኝ። ለእናትህ ከእነዋሪ አንድ ሽማግሌ እንዲህ ያደርጋል በልልኝ።


ኬላዋ
ኅዳር 4፣ ጠዋት 2፡30

በእኔ ቀበሌ ላሲክስ የሚወስዱ አራት እናቶች አሉ። ትላንት ማታ ይህን ካነበብሁ በኋላ በየቤታቸው ዞሬ «በየትኛው ቀን?» አልኋቸው። ሦስቱ የገበያ ቀን አሉኝ። አራተኛዋ መድኃኒቱ ካለቀባቸው ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ዛሬ ወደ ጤና ጣቢያ ይዣቸው እሄዳለሁ።


አራተኛው ሐሙስ
ኅዳር 4፣ ጠዋት 2፡45

ኬላዋ፣ ካገኘሽላቸው እዚሁ ጻፊልን፤ ካጣሽም ጻፊልን።